ዘጠኙ በረቶች

ደንቡ የወጣው ሩቅ አገር ቢሆንም ላንፊሊን የምትባል ትንሽ ከተማ ድረስ ደረሰ። ከጁላይ ወር መጀመሪያ አንስቶ ማንም ሰው የብረት በረትም ይሁን የድርቆሽ መጋዘን ሠርቶ ለገበሬ ሲሸጥ፣ ብረቱ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደቆረጠው፣ ማን እንደበየደው በወረቀት ማስረዳትና የደኅንነት ምልክቱን መለጠፍ አለበት። በዚያ የዌልስ ኮረብታ መሃል አምስት የብረት ወርክሾፖች ነበሩ። ሁለቱ "ከእንግዲህ የግቢ በርና የበግ አጥር ብቻ ነው የምንሠራው" ብለው ተዉት። አንዱ ዘጋ። ሌላው እስኪነቁበት ድረስ ዝም ብሎ ሊቀጥል ወሰነ። አምስተኛዋ ኔስታ ፕሮሰር ነበረች፤ እሷ ደንቡ ሊጸና ገና ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው መዘጋጀት የጀመረችው።

ኔስታ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። ወርክሾፑን የወረሰችው ከአባቷ ነው፤ ብየዳ ያስተማሯት ግን የአባቷ ሠራተኛ የነበሩት ኢድዋል ናቸው፣ በአሥራ አራት ዓመቷ። ቶሎ ቶሎ የምትራመድ፣ አንድ ነገር ሁለቴ የማትጠይቅ ሴት ናት። ስለ ደንቡ እንደሰማች አንድ ወፍራም መዝገብ ገዛች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከወርክሾፑ የወጣ ምሰሶና ወራጅ ሁሉ ቁጥር ተመትቶበት፣ ቀኑና የበያጁ ስም እዚያ መዝገብ ላይ ሰፍሮ ነው የወጣው። በያጆቹ ሦስት ናቸው፤ ራሷ፣ ኢድዋልና ሪስ የሚባል ዝምተኛ ጎልማሳ።

የወልሽፑል የሰኞ ገበያ ላይ ገበሬዎቹ ይቀልዱባት ነበር። ከሁሉም የሚብሰው ግዊሊም ቤብ ነው፤ መቶ ሠላሳ የወተት ላሞች ያሉት፣ ሳቁ ከጨረታ ሜዳው ማዶ የሚሰማ ሰው።

"ላሞቼ በሙሉ ፓስፖርት አላቸው" አላት አንድ ቀን፣ ሰው ሰብሰብ ብሎ ባለበት፤ በዚያ አገር ላም ሁሉ ፓስፖርት የሚሉት መታወቂያ ወረቀትና ጆሮዋ ላይ የሚንጠለጠል ቁጥር አላት። "እኔ ከወልሽፑል አልፌ ስለማላውቅ የለኝም። አሁን ደግሞ በረቱም ፓስፖርት ሊወጣለት ነው አሉ?"

"ይወጣለታል። ፎቶ ብቻ ነው የማይጠየቀው።"

"ቁጥሩስ? ጆሮ የለው፣ የት ልታንጠለጥይለት ነው?"

"ምሰሶው ላይ ተመትቷል። ጎንበስ ብትል ለአንተ በሠራሁት በረት ላይም ታየዋለህ። ግን ጎንበስ ማለት ከተውክ ቆይተሃል መሰለኝ" አለችው ሆዱን እያየች።

ሰዎቹ ሳቁ፤ ቤብም አብሮ ሳቀ። "እሺ፣ ወረቀት ነፋስ ያቆማል?"

"ወረቀቱ አያቆምም። ወረቀቱን ለመሙላት ስትል ደጋግመህ የምታየው ብረት ነው የሚያቆመው።"

እንዲህ ስትል ከልቧ ነበር። ሥራዋን ታውቃለች፤ ሰዎቿንም ታውቃለች። ምልክቱን ለመለጠፍ ፈቃድ የሚያሰጠው ፈተና ለእሷ የፊርማ ጉዳይ ብቻ ነበር የሚመስላት።

ያስቸገሯት ኢድዋል ናቸው። ፈቃዱን ለማግኘት ወርክሾፑ ውስጥ የሚበይድ ሰው ሁሉ በውጭ ፈታኝ ፊት መፈተን ነበረበት። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ጓንታቸውን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

"አርባ አራት ዓመት በይጃለሁ" አሉ። "እኔ የበየድኩት ወድቆ ሰው ገድሎ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ታዲያ ምኑን ነው የሚፈትነኝ? ያ ፈታኝ እኮ ሽንት ጨርቅ ታጥቆ እያለ እኔ ጣሪያ ላይ ወጥቼ እበይድ ነበር።"

"ኢድዋል፣ እርስዎ ካልተፈተኑ ወርክሾፑ ፈቃድ አያገኝም። ወይ እርስዎን ይዤ እገባለሁ፣ ወይ ከነጭራሹ አልገባም።"

"ልታስፈራሪኝ ነው?"

"እየለመንኩዎት ነው። መለመን ስለማልችልበት ማስፈራራት ይመስላል።"

ኢድዋል ላለመሳቅ ታገሉ፤ አልሆነላቸውም። "እሺ ልጄ" አሉ ጓንታቸውን እያነሱ። "አንቺ ግን ቅደሚ። አስተማሪሽን የሚያሳፍር ነገር ካደረግሽ እኔ ቤቴ እገባለሁ።"

ፈታኙ በኤፕሪል አጋማሽ መጣ። ኪንቨር ይባላል፤ ከድንበሩ ማዶ፣ ከእንግሊዝ በኩል የመጣ፣ ረጋ ያለና ንጹሕ ቱታ የለበሰ ሰው ነው። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ቁራጭ ብረት ሰጣቸው። አንዱን ብረት በሌላው ላይ አቁመው በአንድ ጎኑ ብቻ መበየድ ነው ሥራው። ሲቀዘቅዝ እሱ በመጫኛ ማሽን እስኪሰበር ድረስ ያጥፈዋል፤ ከዚያ የተሰበረውን ሆድ ያያል። ከላይ ያለው ውበት ለእሱ ምኑም አይደለም።

የኔስታ ተሰበረ፤ ውስጡ ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። ኪንቨር ራሱን ነቀነቀና ጻፈ። የሪስም እንደዚያው። የኢድዋል ብየዳ ከላይ ሲታይ ከሦስቱም ያምር ነበር፤ ወጥ ሆኖ፣ እንደ ሹራብ ጥልፍ የተደረደረ። ማሽኑ ገና ሲጫነው ግን ጠቅ ብሎ ለቀቀ። ሲከፈት፣ በአንደኛው ጎን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሰመረ ጥቁር መስመር ታየ። የቀለጠው ብረት አንዱን ጎን ይዟል፤ ሌላው ላይ ተደገፈ እንጂ አልገባም።

ኪንቨር ሌላ ቁራጭ አቀረበላቸው፤ ደንቡ ይፈቅዳል። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ።

"ከፈለጉ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና መፈተን ይችላሉ" አላቸው በትሕትና።

ኢድዋል ጭንብላቸውን ቦታው ላይ ሰቀሉና ወጡ።

ኔስታ ስትከተላቸው ፒክአፓቸው ውስጥ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሻይ በፔርሙዝ፣ ባራ ብሪት የሚሉት የዘቢብ ዳቦ በወረቀት እንደተጠቀለለ አጠገባቸው አለ። አልነኩትም። በሌላው በር ገብታ ጎናቸው ተቀመጠች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለቻቸው።

"ምኑ?"

"ኢድዋል።"

ሽማግሌው መስታወቱን አሻግረው አዩ። "ሁለት ክረምት ሆነው። መሃሉ ጭጋግ ነገር ይሆንብኛል። እሳቱ ይታየኛል፤ ሁለቱ ብረቶች የሚገናኙባት ቀጭን መስመር ግን ትጠፋብኛለች። በድምፁ ነበር የምሄደው። ሲስተካከል የአሳማ ሥጋ መጥበሻ ላይ እንደሚጠበስ ነው የሚጮኸው፤ ድምፁ እስካለ ድረስ ደህና ነው እል ነበር።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ነግሬሽ ምን ልሁን? ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን ልይ? እሱንም እኮ አላይም።"

ኔስታ ልትቆጣ ፈልጋ ነበር። ቁጣው ግን አፏ ላይ ሳይደርስ ሌላ ሐሳብ ቀደመው። ሁለት ክረምት። በሁለት ክረምት ስንት በረት ሸጣለች?

ቢሮ ገብታ መዝገቡን ዘረጋች። ለፈታኙ ብላ ያሰፈረችው ነገር ሁሉ አሁን ለራሷ መልስ ይሰጣት ጀመር። የኢድዋል ስም ያለበትን ገጽ ሁሉ በጣቷ እየተከተለች ቆጠረች። ዘጠኝ በረት። በዘጠኙም ውስጥ ከባዱን ጭነት የሚሸከመውን ማዕዘን፣ ምሰሶና ወራጅ የሚገናኙበትን፣ የበየዱት ኢድዋል ናቸው፤ ከሁሉም የተሻሉ በያጅ ስለነበሩ ከባዱ ሥራ ሁልጊዜ ለእሳቸው ነበር የሚሰጠው።

ኪንቨር ዕቃውን እየሰበሰበ ሳለ ሁሉንም ነገረችው፤ ምንም አልደበቀችም።

"ወይዘሮ ፕሮሰር" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ደንቡ ከጁላይ በኋላ ስለሚሠራው ነው። ስላለፈው ማንም አይጠይቅዎትም። ካወሩት ግን አገሩ ሁሉ ይጠይቅዎታል።"

"ላሞቹ ጁላይ መቼ እንደሆነ አያውቁም" አለችው። "ብየዳ ሳይሰብር ውስጡን የሚያይ መሣሪያ አለ አይደል?"

"አለኝ። በጃንዋሪ የበጎቻችሁን እርግዝና እንደምታዩበት ያለ ነው፤ በድምፅ ሞገድ ነው የሚሠራው።"

"ቅዳሜ ይምጡ።"

በዚያው ቀን ከሰዓት ዘጠኙም ገበሬዎች ጋ ደወለች። ለሁሉም አንድ ቃል ነው የነገረቻቸው፦ "በሠራሁልህ በረት ላይ ጥርጣሬ አለኝ። መጥቼ ልየው። ጥፋት ካገኘሁ በራሴ ኪሳራ አስተካክላለሁ።" አንዳንዱ አመሰገነ፤ አንዱ ስልኩን ዘጋባት። እሷ ግን እያንዳንዱን ደውላ ስትጨርስ ትከሻዋ ቀለል ይላት ነበር። ምን ማድረግ እንዳለባት ካወቀች ፍርሃት ብዙ አይቆይባትም።

ቅዳሜ ጠዋት ኢድዋል ከሁሉም ቀድመው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ወርክሾፑ በር ላይ ቆመው ነበር።

"እርስዎ እኮ መምጣት የለብዎትም" አለቻቸው።

"የኔ እጅ ነው። ፊቴን ሸሽጌ ቤት አልቀመጥም።"

የመጀመሪያው በረት ደህና ሆነ። ሁለተኛውም። በሦስተኛው ላይ ኪንቨር ከመሰላሉ ወርዶ "ይኼኛውን በዚህ ዓመት ካየሁት ሁሉ አስበልጠዋለሁ" አለ። ኔስታ ቆም ብላ አሰበች። እንዴት ነው እኒሁ ሰውዬ ፈተናው ላይ የወደቀውን በይደው ይህንንም የሚበይዱት? መኪናው ውስጥ መዝገቡን እንደገና ገለጠችና ቀኖቹን አየች። ደህና የሆኑት ሦስቱ በሜይና በሴፕቴምበር የተበየዱ ናቸው፤ የወርክሾፑ ትልቁ በር ተከፍቶ ፀሐይ እስከ ውስጥ በሚገባበት ጊዜ። በጨለማው ወር፣ ልክ እንደ ፈተናው ቀን በሩ በብርድ ምክንያት ተዘግቶ፣ በመብራት ብቻ የተሠሩት የትኞቹ ናቸው? ሁለት ናቸው። ከሁለቱ ትልቁ የግዊሊም ቤብ ነው።

"ተራውን እንተወው" አለች መዝገቡን እየዘጋች። "ቤብ ጋ እንሂድ።"

ላሞቹ ወደ ሣር ከወጡ ሳምንት ሆኗቸዋል። በረቱ ታጥቦ ባዶውን ነበር። ቤብ እጁን ኪሱ ከትቶ በሩ ላይ ጠበቃቸው።

"ፓስፖርቱን ልታዪ መጣሽ?"

"አዎ።"

"ፌብሩዋሪ ላይ ያ ሁሉ ነፋስ ሲመጣ የጎረቤቴ ጣሪያ ሜዳዬ ላይ ነበር ያረፈው። የኔው ንቅንቅ አላለም። ምን ትፈልጊበታለሽ?"

"ንቅንቅ ማለት የጀመረ ቀን ከምንፈልግ ብዬ ነው።"

በረቱ ምሰሶና ወራጅ የሚገናኙበት አሥራ አራት ማዕዘን አለው። ኪንቨር በደቡብ በኩል ካሉት ጀመረ፤ ሰባቱም ደህና ነበሩ። ከሰሜኑ አራተኛው ላይ ሲደርስ መሣሪያውን ወደ ኋላ መለሰው፤ እንደገና አሳለፈው። ከዚያ ቀለሙን ፋቀና ስንጥቅ ካለ የሚያሳይ ጥቁር ፈሳሽ ቀባበት። ኔስታ መሰላሉ ላይ ወጥታ ከጎኑ ቆመች። ከብየዳው ሥር፣ የጣት ርዝመት ያላት፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ቀስ ብላ ወጣች።

ቤብ ከታች ሆኖ ፊታቸውን እያየ ነበር። ማንም ሳይነግረው ገባው። መሰላሉን ወጥቶ ራሱ አየ፤ ከዚያ ወርዶ ባዶውን በረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከተ።

"ሚስቴ ማርጌድ በየጠዋቱ ጥጃዎቹን የምታጠባው እዚህ ሥር ነው" አለ። ድምፁ የወትሮው ድምፅ አልነበረም።

ኢድዋል ኮፍያቸውን አወለቁ። "የበየድኩት እኔ ነኝ ግዊሊም። ዓይኔ ደክሞ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም። እሷም አታውቅም ነበር።"

ቤብ ሽማግሌውን ትክ ብሎ አያቸው። ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል። "አስተካክሉት" አለ በመጨረሻ። "አሁን አፌን ብከፍት የምጸጸትበትን ነው የምናገረው።" ወደ ቤቱ ሄደ፤ በሩንም ዘጋ።

ኔስታ ሪስን አስጠራችው። በወራጁ ሥር ወፍራም የብረት ድጋፍ አቆሙ። አሮጌውን ብየዳ በግራይንደር ቆርጣ እስከ ንጹሑ ብረት ድረስ አወጣችው። ቦታው መጥፎ ነበር፤ አንገቷን ሰብራ ወደ ላይ መበየድ ነበረባት። ኢድዋል ከመሰላሉ ሥር ቆመው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ያዳምጡ ነበር።

"እሳቱ ራቀብሽ" ይሏታል። "ጠጋ አድርጊው። እንደሱ። አሁን አትቸኩይ።"

እውነትም በራቀች ቁጥር ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ስትጠጋ ይሰክናል። እሷ መስመሯን በዓይኗ እያየች፣ እሳቸው ድምፁን በጆሯቸው እየጠበቁ፣ አንዱን ማዕዘን ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። ኪንቨር ሲቀዘቅዝ ጠብቆ መረመረውና አውራ ጣቱን አሳየ። ማታ መሆን ሲጀምር ከቀሩት ውስጥ አንድ ሌላ አገኙ፤ ስንጥቅ የለውም፣ ግን በአንድ ጎኑ አልያዘም። እሱን በማግስቱ ሠሩት፤ ቤብ ግን በሁለቱም ቀን ብቅ አላለም።

በቀሩት በረቶች ላይ ጥፋት ያለበት አንድ ማዕዘን ብቻ ተገኘ፤ እሱም በጨለማው ወር በተሠራው በሌላኛው በረት ላይ ነው። ሥራው በሜይ መጨረሻ አለቀ።

ወሬው ከእነሱ ፈጥኖ ሄዷል። ሜይፎድ አካባቢ ያለ አንድ ገበሬ አዞት የነበረውን መጋዘን ተወው፤ "እምነት አጣሁ" ነው ያለው፣ ሌላ ምክንያት አልሰጠም። ኔስታ አልተከራከረችውም። ሪስ ግን ሁለት ቀን ፊቱን አጨፍግጎ ዋለ።

ሰኞ ገበያ ሄደች። መቅረት ትችል ነበር፤ ግን ከቀረች የሚቀጥለው ሰኞ እንደሚከብድ ታውቃለች። የሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ገበሬዎቹ ተቀምጠዋል፤ ዝም ብሎ ሊቀጥል የወሰነው የወርክሾፕ ባለቤትም በመካከላቸው አለ። ስትገባ ድምፃቸው ቀነሰ።

"ኔስታ" አላት ሰውዬው ፈገግ ብሎ። "የራስሽን ሥራ እየዞርሽ ስትቆርጪ ሰነበትሽ አሉ። እኔ እንደሱ ዓይነት ችግር ገጥሞኝ አያውቅም።"

ከኋላዋ ሌላ ድምፅ መጣ። "የማያይ ሰው ምን ይገጥመዋል?"

ግዊሊም ቤብ ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"እኔ ቤት ሁለት ጥፋት ተገኘ" አለ ለሁሉም እንዲሰማ። "አራት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በጣም ነው የተናደድኩት፣ አሁንም ትንሽ ተናድጃለሁ። ግን ሁለቱንም ያገኘችው ራሷ ናት። ነፋስ አላገኘውም፣ ላም ላይ ወድቆ አልተገኘም፣ እሷ አገኘችው። አንተ የሠራህልኝ የድርቆሽ መጋዘን ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ማን አየው? ማን እንደበየደውስ ታውቃለህ?"

ሰውዬው ትከሻውን ነቀነቀ። "ማን ያስታውሳል?"

"ይኸው" አለ ቤብ፤ ወደ ኔስታ ዞሮ፦ "ያንን መሣሪያ የያዘ ሰውዬ መቼ ነው የሚመለሰው? መጋዘኔን ይይልኝ።"

"ሐሙስ እጠይቀዋለሁ" አለች ኔስታ። ሻይ አዘዘችና ከጎኑ ተቀመጠች።

ፈቃዱ፣ በያጆቹ ኔስታና ሪስ ብቻ ተብሎ፣ በጁን የመጨረሻ ሳምንት መጣ። ኪንቨር በሪፖርቱ ላይ ስለ ዘጠኙ በረቶች ሁሉንም ጽፎት ነበር፤ ጽሑፉ ይጎዳታል ብሎ ፈርቶ እንደነበር በኋላ ነገራት። ፈቃድ ሰጪዎቹ ግን ምንም አልጠየቁም፤ መዝገቡ የሚሠራ መሆኑን ከዚያ የተሻለ የሚያሳይ ማስረጃ አልነበራቸውም። እስከ መከር ድረስ አራት በረት ታዘዘላት፤ ሁለቱ ከማታውቃቸው ሰዎች ነው።

ኢድዋል በዚያ በጋ ብረት አልበየዱም። የዓይን ሐኪሙ ሞራ መሆኑን ነገራቸው፤ ኔስታ ሽሩዝበሪ ሆስፒታል ወስዳ የመጀመሪያውን ዓይን በኦገስት፣ ሁለተኛውን ከስድስት ሳምንት በኋላ አስገፈፈቻቸው። ከሁለተኛው ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ነው ያወሩት፦ ቅጠል። ዛፍ ላይ ያለው ቅጠል አንድ በአንድ ይታያል ብለው፣ ላንፊሊን እስኪደርሱ ድረስ።

በኦክቶበር ኪንቨር እንደገና መጣ። ኢድዋል ቁራጮቹን ተቀበሉት፤ ጭንብላቸውን አወረዱ። ኔስታ ሥራ ያላት ለመምሰል ወዲያ ማዶ ብሎን ትቆጥር ጀመር፤ ስንት እንደቆጠረች ግን አታውቅም። ድምፁን ነበር የምትሰማው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አልተሰነጠቀም።

ማሽኑ ሲጫነው ብረቱ ታጠፈ፤ ታጠፈና አልለቅም አለ። ኪንቨር ጨመረበት። በመጨረሻ ሲሰበር ውስጡ ግራጫ ነው፤ ወጥ ነው፤ መስመር የለበትም። ኪንቨር ወረቀቱ ላይ መጻፍ ጀመረ።

ኢድዋል ስባሪውን አንስተው ወደ በሩ ብርሃን ወሰዱት። ለረጅም ጊዜ አዩት። "እዚህ ጋ ፈጥኛለሁ" አሉ።

ኪንቨር ቀረበ፤ አልታየውም። ማጉያ መነጽሩን አውጥቶ ጎንበስ አለ። የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ነበረች። "ይቺማ ትፈቀዳለች" አለ። "ልኩ ውስጥ ናት።"

"ትፈቀድ። እኔ ግን ፈጥኛለሁ።"

ኔስታ ብሎኖቹን ትታ መጣች። "ኢድዋል፣ ከሰኞ ጀምሮ ከዚህ በር የሚወጣ ብየዳ ሁሉ መጀመሪያ እርስዎ ይዩታል" አለቻቸው። "የኔንም ጭምር። ያልወደዱትን ይመልሳሉ።"

"ያንቺን ከሆነ ብዙ እመልሳለሁ" አሉ ሽማግሌው፤ ስባሪውን ለኪንቨር ሰጥተው ጭንብላቸውን ፍለጋ ሄዱ።